አየሩ መሬት የሚሆንበት ዋልታ

ፎቶግራፎቹ ሁለት ናቸው፤ የሚያሳዩት ግን አንድ ቦታ ነው፤ የማርስን ደቡብ ዋልታ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1999፣ ሌላው በ2001 ተነስቷል። በመካከላቸው አንድ የማርስ ዓመት አልፏል፤ በምድር ቀን ሲሰላ 687 ቀን መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ምስሎቹ አይለያዩም። ለጥ ያለ ነጭ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ላይ ክብ ክብ ጉድጓዶች ተበታትነዋል። አንዳንዱ ብቻውን ነው፤ አንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ገጥሞ ስምንት ቁጥር ሠርቷል፤ የልብ ቅርጽ የያዘም አለ። መለኪያ ይዞ ጠርዝን ከጠርዝ ያስተያየ ሰው ግን ልዩነቱን ያገኘዋል። ጉድጓዶቹ ሰፍተዋል። በሁለት ጉድጓዶች መካከል የቆመው ግድግዳ ሳስቷል፤ መሃል ላይ የቀሩት ጉብታዎችም አንሰዋል።

ይህን ያስተዋሉት ማይክል ማሊንና ሁለት ባልደረቦቹ ናቸው። «ማርስ ግሎባል ሰርቬየር» የተባለችውን የናሳ መንኮራኩር ካሜራ የሚያንቀሳቅሰው ሳንዲያጎ ከተማ ያለው የማሊን ኩባንያ ነበር። በታኅሣሥ 2001 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ውጤት እንደሚለው፣ የጉድጓዶቹ ግድግዳ በአንድ የማርስ ዓመት ከ1 እስከ 3 ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ቅዝቃዜ የውሃ በረዶ እንዲህ አይሮጥም፤ እንደ ድንጋይ ደርቆ ባለበት ይቆያል። በሁለት ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ሜትሮች የሚሸሽ ነገር ሌላ ዓይነት በረዶ መሆን አለበት። እዚያ ቦታ ሊኖር የሚችለው ሌላ በረዶ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ።

ይህ ጋዝ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። አምቦ ውሃ ሲከፈት ሽው ብሎ የሚወጣው እሱ ነው። በብርቱ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ መሆንን ዘልሎ በቀጥታ ጠጣር ይሆናል፤ ሲሞቅም ሳይቀልጥ ወደ ጋዝነቱ ይመለሳል። ክትባትና አይስክሬም ሲጓጓዝ ሳጥን ውስጥ የሚደረገው፣ ክዳኑ ሲነሳ የሚጨስ የሚመስለው «ደረቅ በረዶ» ማለት ይኸው ነው። ማርስ ላይ ነገሩን ልዩ የሚያደርገው የመጠኑ ጉዳይ ነው። የማርስ አየር 95 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ግፊቱ ከምድር አየር ግፊት 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። በዚህ ግፊት ጋዙ ከዜሮ በታች 125 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል። ዋልታው ላይ ፀሐይ ለወራት በማትወጣበት ጊዜ ደግሞ ቅዝቃዜው እዚያ ይደርሳል። ያኔ አየሩ ራሱ ከላይ እየወረደ መሬት ላይ ይተኛል። በየዓመቱ ከፕላኔቷ አየር ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው እንዲህ ይረጋል፤ ፀሐይ ስትመለስ ተመልሶ ይነሳል።

ከዋልታው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ መሣሪያ እንኳን ይህን ይሰማዋል። በሐምሌ 1976 በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ያረፈችው ቫይኪንግ 1 የአየር ግፊት መለኪያ ይዛ ነበር። የመለኪያው ንባብ ወር በገባ ቁጥር እየወረደ ሄደ፤ ከዚያ መልሶ ወጣ። በዓመቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ንባብ መካከል 30 በመቶ ገደማ ልዩነት ተመዘገበ። ምድር ላይ እንዲህ ያለ የግፊት ለውጥ ለማየት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ባሕር ጠረፍ መውረድ ያስፈልጋል፤ ቫይኪንግ ግን ካረፈችበት ቦታ አንዲት ጋት አልተንቀሳቀሰችም። የተንቀሳቀሰው አየሩ ነበር፤ ወደ ዋልታ ሄዶ በረዶ ሆኖ ተኝቷል።

ነገሩ ግን ከቫይኪንግ አሥር ዓመት ቀድሞ ወረቀት ላይ ተገምቷል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የማርስ ዋልታዎች ነጭ መልክ ብዙዎች ዘንድ የሚታሰበው እንደ ውሃ በረዶ ነበር። እንዲያውም አሜሪካዊው ፐርሲቫል ሎዌል በዘመኑ የማርስ ነዋሪዎች ከዋልታው የሚቀልጠውን ውሃ በቦይ ወደ እርሻቸው ይስባሉ ብሎ ለዓመታት ተከራክሯል። በሐምሌ 1965 ማሪነር 4 በማርስ አጠገብ አለፈች። ሃያ ያህል ፎቶግራፍ ላከች፤ ከፎቶግራፎቹ ይልቅ ግን አንድ ሌላ ነገር ብዙ አስተማረ። መንኮራኩሯ ከፕላኔቷ ጀርባ ስትሰወር የሬዲዮ ምልክቷ በማርስ አየር ውስጥ ሲያልፍ በጥቂቱ ታጠፈ፤ ከመታጠፉ መጠን የአየሩ ስስነት ተሰላ። አየሩ ከተገመተው እጅግ የሳሳ ሆኖ ተገኘ።

በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ሮበርት ሌይተንና ብሩስ መሪ ይህን ቁጥር ይዘው ኮምፒዩተር ላይ ተቀመጡ፤ የማርስ መሬት በየቦታውና በየወሩ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ አሰሉ። በ1966 ያወጡት መልስ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛ፣ ዋልታዎቹ ላይ በየዓመቱ የሚመጣውና የሚሄደው ነጭ ነገር የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለተኛ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ ትልቅ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ክምችት ዋልታው ላይ አለ፤ የፕላኔቷን የአየር ግፊት የሚወስነውም ይህ ጎተራ ነው። የመጀመሪያው ግምት ቫይኪንግ ላይ ጸና። ሁለተኛው ግን ረጅም ጊዜ ሳይፈተን ቆየ፤ በመጨረሻ ሊፈትኑት የበቁት እነዚያ ክብ ጉድጓዶች ናቸው።

ጉድጓዶቹን ቀረብ ብለን እንያቸው። ከ2006 ጀምሮ ማርስን የሚዞረው «ማርስ ሪኮነሰንስ ኦርቢተር» ይዞት የሚሄደው ሃይራይዝ የተባለ ካሜራ ከሰማይ ሆኖ የአንድ ትንሽ ጠረጴዛ ያህል ነገር ለይቶ ያያል። በዚህ ካሜራ ሲታይ የአንድ ጉድጓድ ወርድ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ጠርዙ ላይ የቆመ ሰው ቢኖር ከእግሩ ሥር ሁለት ፎቅ ተኩል የሚያህል፣ 8 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ቀጥ ያለ ግድግዳ ያያል። ግድግዳው አንድ ወጥ አይደለም፤ ተነባብሮ የተጣለ ንጣፍ አለው፤ ከላይ ያለው ጫፍ ሥሩ ሲበላ ተገንጥሎ ወደ ታች ይወድቃል። ግድግዳው በፀሐይ ወራት ጠቆር ይላል፤ ላይኛው ሜዳ ግን ንጹሕ ነጭ ነው። የጉድጓዱ ወለል ደግሞ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው፤ አንዱ ጉድጓድ ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ሊሆን ይችላል፣ የወለሉ ጥልቀት ግን በአንድ አካባቢ ባሉት ጉድጓዶች ሁሉ ተቀራራቢ ነው። እንግዲህ ሊመለሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ለምን ክብ ሆኑ? ወለላቸውስ ለምን ጠፍጣፋ ሆነ?

የክብነቱ መልስ ያለው ሰማይ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በምሥራቅ ወጥታ፣ አናት ላይ ደርሳ፣ በምዕራብ ትጠልቃለች። ዋልታ ላይ እንዲህ አይደለም። በብርሃን ወራት ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም፤ አድማሱን ተከትላ፣ ከመሬት ብዙም ሳትርቅ ዙሪያውን ትዞራለች። ጠፍጣፋው ነጭ ሜዳ በዚህ ፀሐይ ብዙም አይነካም። ብርሃኑ በጎን አልፎት ይሄዳል፤ የደረሰውንም ንጣቱ መልሶ ይረጨዋል። የቆመ ግድግዳ ግን ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይገጥማታል። ጠዋት የምዕራቡ ግድግዳ ተራ ነው፤ ማታ የምሥራቁ። ፀሐይዋ ዙሯን ስትጨርስ ሁሉም ጎን ድርሻውን ተቀብሏል፤ ስለዚህ ሁሉም ጎን እኩል ይሸሻል። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ በየአቅጣጫው እኩል የሚሰፋ ነገር ሌላ ቅርጽ ሊኖረው አይችልም።

መነሻው በጣም ትንሽ ሊሆን ይችላል። በበረዶው ላይ የተፈጠረ ቀጭን ስንጥቅ ይበቃል፤ ስሌቶቹ እንደሚያሳዩት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚቆም ግድግዳና ጥቂት ሜትር ርዝመት ካገኘ ጉድጓዱ ከዚያ በኋላ ራሱን ችሎ ያድጋል። አንዱ ግድግዳ የረጨውን ብርሃንና ሙቀት ሌላው ስለሚቀበለው ሥራው ይፋጠናል። ከዋልታው ትክክለኛ ነጥብ ራቅ ባለ ቦታ ፀሐይ ቀን ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ ስለምትል ድርሻው እኩል አይሆንም። ብዙዎቹ ጉድጓዶች ፍጹም ክብ ሳይሆኑ በአንድ ጎን የገባ፣ ልብ የሚመስል ቅርጽ የያዙት፣ የቅርጹም መሃል መስመር ወደ ዋልታው የሚያመለክተው ፀሐይ በሥራው ውስጥ እጅ ስላላት ነው።

ሳይንቲስቶቹ አካባቢውን «የስዊስ አይብ» ይሉታል። እንጀራ ላደገበት ሰው ቶሎ የሚመጣለት የእንጀራ ዓይን ነው፤ የሁለቱም ቀዳዳ ከዚሁ ጋዝ ጋር መያያዙም ያስገርማል። ንጽጽሩ ግን ሩቅ አይወስድም። የእንጀራ ዓይን ጋዙ ከሥር ፈንድቶ ሲወጣ በአንድ አፍታ የሚፈጠር ነው፤ ከዚያ ደርቆ ይቀራል። የማርሱ ጉድጓድ ከጎን በኩል የሚበላ ነው፤ ከጋዙ በላይ ስለ ፀሐይዋ መንገድ ይናገራል፤ የሚበላው እስካለ ድረስም አይቆምም።

የወለሉ መልስ የመጣው በ2003 ነው። ሼን በርንና አንድሪው ኢንገርሶል፣ እነሱም ሌይተንና መሪ በነበሩበት በዚያው ተቋም ውስጥ፣ የጉድጓዶቹን ዕድገት በስሌት ሠርተው አዩት። በረዶው እስከ ታች ድረስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሆን ኖሮ ወለሉም ከግድግዳው ጋር አብሮ መውረድ ነበረበት፤ ጉድጓዶቹም ጎድጓዳ ሳህን መምሰል ነበረባቸው። ወለሉ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚቀረው ከሥር የማይንቀሳቀስ ነገር ካለ ብቻ ነው። ያ የማይንቀሳቀስ ነገር የውሃ በረዶ ነው። ከማርስ ኤክስፕረስ መንኮራኩር የተገኘው ልኬት በ2004 ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሥር የውሃ በረዶ መኖሩን አረጋገጠ።

ትርጉሙ ለሌይተንና ለመሪ ሁለተኛ ግምት ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ትልቅ ጎተራ የተባለው ነገር 8 ወይም 10 ሜትር ውፍረት ያለው ልባስ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ቢተን በፕላኔቷ አየር ላይ የሚጨምረው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ የአየሩን ግፊት የሚወስን ጎተራ ለመባል አይበቃም። እንደ እኔ ግን ይህ የሁለቱን ሰዎች ሥራ አያሳንሰውም። መርከብም ሆነ መንኮራኩር ሳያርፍበት አንድ ዋልታ ከምን እንደተሠራ ከአየር ስስነት ብቻ መገመት፣ ግማሹም ትክክል ሆኖ መገኘቱ፣ ለአንድ ወረቀት ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ገና አልተፈታም፤ ይህ በረዶ ለምን እዚያ ኖረ? ማርስ ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው የደቡቡ ዋልታ ብርሃን በሚያገኝበት ወቅት ነው። የደቡቡ ፀሐይ ከሰሜኑ ይበረታል ማለት ነው። ሆኖም ዓመቱን ሙሉ የሚቆየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው በደቡብ ነው፤ የሰሜኑ ዋልታ በየዓመቱ ከዚህ በረዶ ይጸዳል፤ የሚቀረው የውሃ በረዶ ብቻ ነው። ይህም አልበቃ ብሎ የደቡቡ በረዶ ዋልታው ላይ አልተቀመጠም፤ ወደ አንድ ጎን ሸሸት ብሏል። ይህን መሸሽ ጃኮሞ ማራልዲ በ1719 በዘመኑ ቴሌስኮፕ አይቶ መዝግቦታል። ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር መጠበቅ ነበረበት። በ2005 የታተመ ጥናት ጣቱን የቀሰረው ከዋልታው ርቆ ወዳለው ሄላስ ወደተባለ ግዙፍ ጎድጓዳ ስፍራ ነው፤ ወርዱ 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎድጓዳው ስፍራ የነፋሱን መንገድ ያጣምመዋል። በውጤቱ በአንዱ የዋልታ ጎን በረዶው ከደመና እንደ ጭጋግ እየረገፈ ነጭ ሆኖ ይከመራል፤ በሌላው ጎን በቀጥታ መሬቱ ላይ ይረጋል፤ ይህኛው ጠቆር ስለሚል ፀሐይ ቶሎ ታነሳዋለች። ነጩ ይቆያል፤ ጥቁሩ ይሄዳል። ዋልታው ላይ ንጣት የህልውና ጉዳይ ነው።

በ2007 መላ ፕላኔቷን የሸፈነ የአቧራ ማዕበል ተነስቶ ነበር። ከማዕበሉ በኋላ በተነሱ ምስሎች ላይ በብዙ ጉድጓዶች ጠርዝ ዙሪያ ደማቅ ነጭ ቀለበት ታየ፤ በሌሎቹ ዓመታት እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። ማብራሪያው ይህ ነው፦ አቧራ ሜዳውን አደበዘዘው፤ ከግድግዳው በብርቱ የሚነሳው ጋዝ ግን በጠርዙ አካባቢ አቧራው እንዳያርፍ ገፋው። ጉድጓዱ ሲተነፍስ የተነሳ ፎቶግራፍ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ጉድጓዶቹ ሳይፈልጉ የገቡበትን ክርክር ሳላነሳ አላልፍም። በ2000ዎቹ አጋማሽ «ማርስም እየሞቀች ነው» የሚል ወሬ ተሰራጨ። አንድ ሩሲያዊ ሳይንቲስት የማርስ ዋልታ መሳሳትና የምድር መሞቅ ምንጩ አንድ፣ እሱም ፀሐይ ናት አለ፤ የፋብሪካ ጭስ ተጠያቂ አይደለም ለማለት ለሚፈልጉም ጥሩ ስንቅ ሆነ። ሙግቱ በሁለት በኩል ይፈርሳል። የፀሐይ ብርሃን ጉልበት ከ1978 ጀምሮ በሳተላይት ያለማቋረጥ ሲለካ ቆይቷል፤ የምድርን መሞቅ የሚያብራራ ጭማሪ አላሳየም። በሌላ በኩል ደግሞ የጉድጓድ መስፋት ብቻውን በረዶው እየከሳ ነው አያሰኝም። ግድግዳው ሲሸሽ ላይኛው ሜዳ ላይ አዲስ በረዶ ይጨመራል። ከዓመታት በኋላ ገቢና ወጪው ሲመዛዘን ጠቅላላው እየቀነሰ ነው ወይስ እየጨመረ ለማለት እንኳን የማያስችል፣ ወደ እኩልነት የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። የአንድን ቤት ጎን ብቻ አይቶ ስለ ሰፈሩ መፍረድ ለሳይንቲስትም አያምርም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ላይኛው ስስ ልባስ ነው። በ2011 ግን ሮጀር ፊሊፕስና ባልደረቦቹ በራዳር ያገኙት ነገር ታሪኩን መልሶ ገለበጠው። የራዳሩ ሞገድ በረዶውን ሰርጎ ሲመለስ፣ ከዋልታው በአንዱ ክፍል ሥር ሌላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ክምችት ተቀብሮ ተገኘ፤ የዚህኛው ውፍረት በአሥር ሜትር የሚለካ አይደለም፤ በመቶዎች ነው። ሁሉም ቢነሳ የማርስን አየር በ80 በመቶ ገደማ ሊጨምረው ይችላል። የሌይተንና የመሪ ጎተራ ተቀብሮ ኖሯል ማለት ነው። የማርስ ዘንግ አሁን 25 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው፤ እንደ ምድር ትልቅ ጨረቃ ስለሌላት ግን በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ይህ ዝንባሌ በብዙ ዲግሪ ይወዛወዛል። ዝንባሌው ሲጨምር ዋልታው ብዙ ፀሐይ ያገኛል፤ ጎተራው ይከፈታል፤ አየሩ ይወፍራል። ከተቀበረው ክምችት በላይ ባለው መሬት ላይ የሚታዩት የሰመጡ ቦዮችና ጠርዛቸው ያልተነሳ ክብ ጉድጓዶች፣ ከሥር ያለው በረዶ ተንኖ ጣሪያው ስለተደረመሰ የተፈጠሩ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ይህን ካወቅን በኋላ ናሳ በ2017 ያወጣውን አንድ የሃይራይዝ ምስል ማየት ሌላ ስሜት አለው። ምስሉ የተነሳው በደቡቡ የብርሃን ወራት መጨረሻ ነው፤ ፀሐይ ዝቅ ስላለች ትንሹ ጎርበጥ ያለ ነገር ሁሉ ጥላ ጥሏል። ከላይ እስከ ታች የተለመዱት ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ናቸው። በመካከላቸው ግን አንድ ለብቻው የሆነ አለ፤ ወርዱ በመቶ ሜትሮች ይቆጠራል፣ ክብነቱ ከሁሉም የጠራ ነው፣ ነጩን በረዶና ከሥሩ ያለውን አቧራማ ንጣፍ በስቶ ወደ ታች ይወርዳል። የ8 ሜትሩ ደንብ ለእሱ አይሠራም። ምስሉን ያወጡት ሳይንቲስቶች ሁለት ዕድል አስቀመጡ፤ ወይ ከሰማይ የወረደ ድንጋይ የመታው ነው፣ ወይ መሬቱ ተደርምሶ የሰመጠ ነው።

ሰው ክብ ጉድጓድ ሲያይ ቀድሞ የሚያስበው ድንጋይ ነው፤ የጨረቃ ፊት ያስለመደን ነው። እዚህ ግን ሦስተኛ የክብ ምንጭ፣ ፀሐይዋ ራሷ፣ አጠገቡ በመቶ የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ስትሠራ እያየን ነው፤ ስለዚህ ቅርጹን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ምታት ቢሆን ሌላ ዱካ ይተዋል። በታኅሣሥ 24 ቀን 2021 ማርስን የመታው ድንጋይ 150 ሜትር ወርድ ያለው ጉድጓድ ከፍቷል፤ ኢንሳይት የተባለችው መሣሪያ በሩቅ ሆና የመሬት መንቀጥቀጡን መዝግባለች፤ በኋላ በተነሳው ፎቶግራፍ ላይም ከመሬት የተፈነቀለ የበረዶ ቋጥኝ በጉድጓዱ ዙሪያ ተበትኖ ታይቷል። ምታት የተፈነቀለ አፈርና ከፍ ያለ ጠርዝ ይተዋል። መደርመስ ሁለቱንም አይተውም። የደቡቡ ዋልታ ላይ ግን ዱካው አይበረክትም፤ በየጨለማው ወራት 1 ሜትር ገደማ የሚሆን አዲስ በረዶ ይጥልበታል፤ በየብርሃኑ ወራት ግድግዳው ይሸሻል፤ የተነሳ ጠርዝ ቢኖር ከጊዜ ብዛት ተበልቶ ሊጠፋ ይችላል። ራዳሩም ቢሆን አያግዝም፤ በአንድ ጊዜ የሚያየው የመሬት ስፋት ኪሎ ሜትሮች ስለሆነ ጥቂት መቶ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ሥሩ ባዶ ይሁን ሙሉ ለይቶ አይነግርም። የሚቀረው ያንኑ ቦታ በሌላ አንግል ደግሞ ማንሳት፣ ምስሎቹን አጋጥሞ የጠርዙን ከፍታ በሜትር መለካት፣ ከዚያም ወለሉ ላይ የተከመረው ከላይ የወደቀ ጣሪያ መሆን አለመሆኑን መመርመር ነው።